በዋጋ ላይ ዋጋ፦ ምንዛሪና የካርድ ክፍያ የመርከብ ሽርሽርን ሂሳብ እንዴት ይለውጣሉ?



የሂሳብ መምህር «ከመቶ ስንት?» የሚለውን ትምህርት ሲያስተምር ዘወትር የሚጠቅሰው ምሳሌ ያው የተለመደው ነው። አንድ ነጋዴ አንድን ዕቃ በዚህን ያህል ገዝቶ በዚያን ያህል ቢሸጥ ትርፉ ከመቶ ስንት ይሆናል? ምሳሌው መጥፎ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ተማሪው ከደብተሩ አውጥቶ ወደ ኑሮው ይዞት የሚሄደው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ለየት ያለ ምሳሌ ይዘን ቀርበናል፤ ይኸውም የመርከብ ሽርሽር ነው።

«እኛን ከመርከብ ሽርሽር ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከመካከላችን በመጪው ክረምት መርከብ ተሳፍሮ ለመንሸራሸር ያሰበ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ይህን ምሳሌ የመረጥንበት ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፣ በአንዲት መርከብ ላይ በ14 ቀን ጊዜ ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት ገንዘብ ስለሚገናኝ፣ ምንዛሪ የሚባለውን ነገር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም። ሁለተኛው፣ እዚያ መርከብ ላይ የሚሠራው ሂሳብ ከውጭ አገር ዘመዱ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ ከሚሠራው ሂሳብ ጋር አንድ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች መካከል የስንቱ ቤተሰብ በዚህ ገንዘብ እንደሚተዳደር የማያውቅ የለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመርከቧ ገንዘብ የማን አገር ገንዘብ ነው?

በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ «ክሩዝ» የሚባለው ጉዞ ሲሉት እንደሚመስለው አንድ ቦታ ለመድረስ የሚደረግ ጉዞ አይደለም። መርከቧ ራሷ ሆቴል ናት። መኝታው፣ ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ የመዋኛ ገንዳው ሁሉ እላይዋ ላይ ነው። መንገደኛው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ከወደብ ወደብ እየተዘዋወረ፣ ቀን ወርዶ ከተማ እየጎበኘ፣ ማታ ተመልሶ እየተኛ ይሰነብታል።

ታዲያ በዚህች ተንሳፋፊ ሆቴል ውስጥ ቡና የሚሸጠው በየትኛው ገንዘብ ነው? ብዙ ሰው መርከቧ በምታውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ ይመስለዋል። አይደለም። ብዙዎቹ የሽርሽር መርከቦች የተመዘገቡት በባሃማስ ወይም በፓናማ ነው፤ ነገር ግን በፓናማ ባንዲራ ስለተጓዙ የፓናማ ገንዘብ አይጠይቁም። ወይም ደግሞ መርከቧ በምትነሣበት ወደብ የሚወሰን ይመስለዋል። እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ገንዘቡን የሚወስነው ኩባንያው ነው። የዚህ ንግድ ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ ካርኒቫል ኮርፖሬሽንና ሮያል ካሪቢያን፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ፣ በማያሚ አካባቢ ነው። የነዳጅ ዋጋም በዓለም ገበያ የሚቆረጠው በዶላር ነው። ስለሆነም በብዙ መርከቦች ላይ ዋጋ የሚጻፈው በአሜሪካ ዶላር ነው። ጣሊያናዊው ኮስታ ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ሲጓዝ በዩሮ ያስከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጽ የሚያደርጉልን ሁለት የእንግሊዝ ኩባንያዎች ናቸው። ኩናርድ በ1840 የአትላንቲክን ውቅያኖስ በእንፋሎት መርከብ ማቋረጥ የጀመረ፣ ስመ ጥር የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስም እንዲሁ እንግሊዛዊ ነው። ሁለቱም ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ይነሣሉ። ሁለቱም ዛሬ የካርኒቫል ኮርፖሬሽን ንብረት ናቸው። ነገር ግን በፒ ኤንድ ኦ መርከብ ላይ ዋጋው በፓውንድ ሲሆን በኩናርድ መርከብ ላይ በዶላር ነው። ከአንድ ወደብ ተነሥተው፣ የአንድ ባለቤት ሆነው፣ ገንዘባቸው የተለያየ ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ገና ከአገሩ ወደብ ሳይርቅ የውጭ ምንዛሪ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መርከቧ ባርሴሎና ስትቆም ደግሞ ወርዶ ቡና ለመጠጣት ዩሮ ያስፈልገዋል፤ ቱርክ አገር ስትደርስ ሊራ ይመጣል።

2. ተመን ሲለወጥ ሂሳቡ ምን ይሆናል?

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ እንግሊዛዊና ባለቤቱ ለ14 ቀን በዶላር በምታስከፍል መርከብ ላይ ተሳፈሩ እንበል። የጉዞውን፣ የመኝታውንና የምግቡን ዋጋ ቀደም ብለው፣ መጀመሪያ ቀብድ፣ በኋላም ቀሪውን፣ በአገራቸው ገንዘብ በፓውንድ ከፍለው ጨርሰዋል። «እንግዲህ ተገላገልን» ይላሉ። ነገር ግን ሌላ ሂሳብ እመርከቧ ላይ ይጠብቃቸዋል።

የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። በአሜሪካ ኩባንያዎች መርከብ ላይ ጉርሻ እንደ ልብ የሚሰጥ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ በየሰው ላይ የሚታሰብ ክፍያ ሆኗል። በአሁኑ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። እኛ 18 እንያዝ። ሂሳቡ እንዲህ ይመጣል፦

ጉርሻ፦ 18 ዶላር × 2 ሰው × 14 ቀን = 504 ዶላር
መጠጥና ልዩ ልዩ፦ 20 ዶላር × 14 ቀን = 280 ዶላር
በየወደቡ የሚደረግ ጉብኝት፦ 62 ዶላር × 2 ሰው × 4 ወደብ = 496 ዶላር
ጠቅላላ፦ 1,280 ዶላር

ይህ 1,280 ዶላር በፓውንድ ስንት ነው? መልሱ «መቼ?» በሚለው ላይ ይመሠረታል። በኦክቶበር 2014 አንድ ፓውንድ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። በዚህ ተመን 1,280 ሲካፈል ለ1.60 እኩል ይሆናል 800 ፓውንድ። በ2024 የአንድ ፓውንድ አማካይ ዋጋ ወደ 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚህ ተመን ያው 1,280 ዶላር 1,000 ፓውንድ ይሆናል። መርከቧ አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም። ቡናው ያው ቡና ነው፣ ጉርሻውም ያው ጉርሻ ነው። መንገደኛው ግን 200 ፓውንድ ጨምሯል።

በመካከሉ ምን ሆነ? በጁን 23 ቀን 2016 የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ። የምርጫው ዕለት ማታ ወደ 1 ዶላር ከ50 የተጠጋው ፓውንድ፣ ውጤቱ ሲታወቅ በማግሥቱ ከ1985 ወዲህ ወዳልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ መንግሥት የግብር ቅነሳ ዕቅድ ካወጣ በኋላ ፓውንድ ወደ 1 ዶላር ከ4 ሳንቲም ገደማ ወረደ፤ ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ ያነሰ ነበር። በዚያን ሳምንት ሂሳቡን የዘጋ መንገደኛ ለዚያው 1,280 ዶላር ወደ 1,231 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው። ለንደን ላይ የተሰጠ ድምፅና የወጣ የግብር ዕቅድ ካሪቢያን ባሕር ላይ የሚጠጣ የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ይለውጣል።

እዚህ ላይ ለሂሳብ መምህራን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ፓውንድ ከ1.60 ወደ 1.28 ሲወርድ ያጣው ከመቶ ስንት ነው? 0.32 ለ1.60 ሲካፈል ከመቶ 20 ነው። የመንገደኛው ወጪ ከ800 ወደ 1,000 ሲወጣ የጨመረው ከመቶ ስንት ነው? 200 ለ800 ሲካፈል ከመቶ 25 ነው። ገንዘቡ በ20 ወርዶ ወጪው በ25 ወጣ! ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «አንዱ ስህተት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መነሻው ነው የተለያየው። «ከመቶ ስንት?» ከማለታችን በፊት «የምኑ መቶ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ይህን አንድ ነገር ያስጨበጠ መምህር የዓመቱን ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

የተመን መለወጥ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በጁላይ 2022 ዩሮ ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዶላር እኩል ለእኩል ሆነ። ያን ጊዜ ከማያሚ የመጣ አሜሪካዊ ባርሴሎና ወርዶ ምሳ ሲበላ ረክሶለታል። ከባርሴሎና ተነሥቶ በዶላር በሚያስከፍል መርከብ የሄደው ስፔናዊ ግን ያው ጉዞ ተወድዶበታል። አንዱ ያተረፈበት ተመን ሌላውን አከሠረው።

3. የካርዱ ድርሻ

እስካሁን የተነጋገርነው ገበያው ስለሚቆርጠው ተመን ነው። አሁን ደግሞ በመካከል ስለሚቆሙት እጆች እንነጋገር።

በመርከቧ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይዘዋወርም። መንገደኛው ሲሳፈር የባንክ ካርዱን ያስመዘግባል፤ በምትኩ የመርከቧ ካርድ ይሰጠዋል። ለ14 ቀን የበላውን የጠጣውን ሁሉ በዚያች ካርድ ያስመዘግባል፤ በመጨረሻ ድምሩ ከባንክ ካርዱ ላይ ይቆረጣል። አሠራሩ እጅግ ይመቻል። ነገር ግን ገንዘብ ከኪሱ ሲወጣ ያላየ ሰው ምን ያህል እንደሚያወጣ ይዘነጋል። ነገሩ የሰፈር ሱቅ ዱቤ ማለት ነው፤ መዝገቡ ባለሱቁ ዘንድ ነው፣ ጭንቁ የወሩ መጨረሻ ነው።

ሂሳቡ ወደ እንግሊዝ ባንክ ሲሄድ፣ ዶላሩን ወደ ፓውንድ የሚመነዝረው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው የካርድ ድርጅት ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ተመን ብዙውን ጊዜ ከገበያው ተመን ብዙም አይርቅም። ቀጥሎ ግን ካርዱን የሰጠው ባንክ «በውጭ ገንዘብ ስለተጠቀምክበት» ብሎ የራሱን ይጨምራል። በብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ካርዶች ላይ ይህ ከመቶ 3 ያህል ነው። በምሳሌያችን የ1,000 ፓውንድ ከመቶ 3፣ 30 ፓውንድ ነው። ሂሳቡ 1,030 ሆነ። ይህን ክፍያ ፈጽሞ የማይጠይቁ ካርዶችም አሉ፤ ሰውዬው ከመሳፈሩ በፊት የካርዱን ውል ቢያነብ ኖሮ 30 ፓውንዱ ከኪሱ ባልወጣ ነበር።

ሻጩም በበኩሉ ካርድ በተቀበለ ቁጥር ለባንኮች ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ፣ የሻጩ ባንክ ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚከፍለውን ድርሻ ለዴቢት ካርድ ከመቶ 0.2፣ ለክሬዲት ካርድ ከመቶ 0.3 እንዳያልፍ ወስኗል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ከጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጀምሮ ሻጭ «በካርድ ስለከፈልክ» እያለ ከተራው ሸማች ተጨማሪ እንዳይጠይቅ ከልክላለች። ይህ ማለት ግን ክፍያው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከዋጋው ውስጥ ገባ እንጂ። የማይታይ ክፍያም የሚከፈል ክፍያ ነው።

4. «በአገርዎ ገንዘብ ቢከፍሉ ይሻልዎታል?»

ከሁሉም ክፍያዎች ይልቅ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። መንገደኛው ባርሴሎና ከአንድ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይገዛል። የካርዱ ማሽን ላይ ጥያቄ ብቅ ይላል፦ በዩሮ ይከፍላሉ ወይስ በፓውንድ? ሰውየው ይደሰታል። የሚያውቀው ገንዘብ ነው፤ ቁጥሩ ይገባዋል፤ «እንዲህ በግልጽ ሲነግሩኝ ደስ ይለኛል» ብሎ ፓውንድ የሚለውን ይነካል። በዚህን ጊዜ ምንዛሪውን የሚሠራው የካርድ ድርጅቱ መሆኑ ቀርቶ ሻጩና ማሽኑን ያቀረበለት ድርጅት ይሆናሉ። ተመኑን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፤ ከገበያው በላይ የሚጨምሩትንም ይካፈሉታል።

በአንዳንድ መርከቦችም ይኸው አሠራር አለ። ካርዱ የእንግሊዝ መሆኑ ሲታይ መንገደኛው ሳይጠየቅ ሂሳቡ በፓውንድ ይዘጋጃል። «አይ፣ በዶላር ይሁንልኝ» ለማለት ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ መናገር አለበት። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ጭማሪው ከመቶ 5 ነው እንበል። 1,000 ፓውንድ የነበረው 1,050 ይሆናል። ታዲያ ካርዱ ከመቶ 3 የሚያስከፍል ከሆነ «ቢያንስ ከዚያ አመለጥኩ» ሊል ይችላል፤ ይሁን እንጂ 1,050 ከ1,030 ይበልጣል። እንዲያውም አንዳንድ ካርዶች ግብይቱ ውጭ አገር ስለተፈጸመ ብቻ፣ በፓውንድ ቢሆንም እንኳ፣ ክፍያቸውን አይተዉም። ያን ጊዜ የ1,050 ከመቶ 3፣ 31 ፓውንድ ከ50 ይጨመርና ጠቅላላው 1,081 ፓውንድ ከ50 ይሆናል። ይህ 81 ፓውንድ ከ50 ለባልና ሚስቱ የሦስት ቀን ጉርሻ የሚጠጋ ገንዘብ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ አይደል?

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው ደንብ ይህን ነገር ወደ ብርሃን አውጥቶታል። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ፣ በኅብረቱ ውስጥ በኅብረቱ አገሮች ገንዘብ መካከል እንዲህ ዓይነት ምንዛሪ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በላይ ከመቶ ስንት እንደጨመረ ገዢው ከመክፈሉ በፊት እንዲያሳይ ይገደዳል። ደንቡ ክፍያውን አልከለከለም። ከመቶ ስንት እንደሆነ እንዲነገር ብቻ ነው ያዘዘው። ስለዚህ የደንቡ ጥቅም «ከመቶ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነው። ላላወቀው ሰው ቁጥሩ ቢጻፍለትም ምን ይረባዋል?

5. ቁርጥ ክፍያና ከመቶ የሚታሰብ ክፍያ

መንገደኛው ወደብ ላይ ለታክሲ ጥሬ ገንዘብ ቢፈልግ እመርከቧ ላይ ካለው የገንዘብ ማውጫ ማሽን ይወስዳል። እዚህ ደግሞ ክፍያው ብዙ ጊዜ ቁርጥ ነው፤ ብዙ ቢያወጣም ጥቂት ቢያወጣም ያው ነው። 6 ዶላር ነው እንበል። 200 ዶላር ለሚያወጣ ሰው 6 ዶላር ከመቶ 3 ነው። 40 ዶላር ለሚያወጣው ግን ከመቶ 15 ነው። «ለጥንቃቄ» እያለ አምስት ጊዜ 40፣ 40 ያወጣ ሰው 30 ዶላር ከፍሎ 200 ዶላር አገኘ ማለት ነው። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ካወጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወለዱ ከዚያኑ ዕለት ጀምሮ ይቆጠርበታል።

ከዚህ የምንረዳው ቁርጥ ክፍያ የሚጎዳው ጥቂት የሚያወጣውን ሰው መሆኑን ነው። ከመቶ የሚታሰብ ክፍያ ደግሞ ብዙ የሚያወጣውን ያከብድበታል። የትኛው ይሻላል ለማለት የገንዘቡን መጠን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

6. መንገደኛው ምን ማድረግ ይችላል?

ነገሩን ስንጨምቀው ሁለት ዓይነት ወጪ አለ። አንደኛው የተመን መለዋወጥ ነው፤ ይህን መንገደኛው አያዝበትም። ሁለተኛው በመካከል ያሉት እጆች የሚወስዱት ነው፤ ይኼኛው በአብዛኛው በመንገደኛው ምርጫ ላይ ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 200 ፓውንድ ነበር፤ ሁለተኛው እስከ 81 ፓውንድ ከ50። ሰው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ያማርራል፤ ማዳን የሚቻለው ግን ሁለተኛው ነው።

ስለ መጀመሪያውም ቢሆን ጥቂት መላ አለ። ጉርሻውንና የወደብ ጉብኝቱን ገና ከአገሩ ሳይነሣ በአገሩ ገንዘብ የሚከፍልበት መንገድ ካለ፣ ተመኑን በዚያን ቀን ቆረጠው ማለት ነው። በኋላ ፓውንድ ቢወርድ ተጠቅሟል፤ ቢወጣ ግን ቀርቶበታል። ይህ ትርፍ ማግኛ አይደለም፤ ሥጋትን መቀነሻ ነው። ልዩነቱን ለተማሪ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሕግም የሚለው አለ። በአውሮፓ ኅብረት በ2015 በወጣው መመሪያ፣ እንግሊዝ አገርም በ2018 ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ የሽርሽር ጉዞን አንድ ላይ አጠቃሎ የሸጠ ድርጅት በውሉ ላይ ካስቀመጠው ተመን በመለወጡ ምክንያት ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ጉዞው 20 ቀን ሲቀረው ይህ በር ይዘጋል። ጭማሪው ከመቶ 8 ካለፈ መንገደኛው ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን የመውሰድ መብት አለው። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ለመጨመር መብት የያዘ ድርጅት ተመኑ ወደ መንገደኛው ሲያዘነብል የመቀነስ ግዴታም አለበት። ይህን የመጨረሻውን ስንቱ መንገደኛ ይጠይቃል?

7. ወደ እኛ ስንመጣ

ባልና ሚስቱ የከፈሉት 504 ዶላር ጉርሻ ወዴት እንደሚሄድ እንከተል። በሽርሽር መርከቦች ላይ አልጋ ከሚያነጥፉትና ምግብ ከሚያቀርቡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ናቸው። ዶላሩን ተቀብለው ወደ ቤተሰብ ይልካሉ። እዚያ ላይ ሌላ ምንዛሪ፣ ሌላ ክፍያ ይጀምራል። አንዱ ዶላር በሁለት በር ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል።

እንግዲህ የእኛ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከሮም ገንዘብ የሚልክ ወገናችን የቆመው ከአስተናጋጁ ጎን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 ባጸደቀው የልማት ግብ ውስጥ፣ ስደተኞች ገንዘብ ለመላክ የሚከፍሉት በ2030 ከመቶ 3 በታች እንዲሆን ተወስኗል። ዛሬ ድረስ የዓለም አማካይ ከዚያ በላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ የመረጥናቸው እኛ ነን። 200 ዶላር የሚላክ ነው እንበል። አንደኛው ድርጅት 5 ዶላር ኮሚሽን ይወስድና አንዱን ዶላር በ150 ብር ይመነዝራል። ሁለተኛው «ኮሚሽን የለም!» ብሎ በትልቁ ይጽፍና አንዱን ዶላር በ144 ብር ይመነዝራል። የትኛው ይሻላል? የመጀመሪያው 195 × 150 = 29,250 ብር ያደርሳል። ሁለተኛው 200 × 144 = 28,800 ብር ያደርሳል። ኮሚሽን የለም ያለው 450 ብር አጉድሏል። ኮሚሽኑ አልቀረም፤ ተመኑ ውስጥ ተደበቀ። ባርሴሎና ላይ በካርዱ ማሽን ያየነው ነገር ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» አይደለም። «እዚህ ይህን ያህል ብሰጥ እዚያ ስንት ብር ይደርሳል?» ነው።

የራሳችን ብርም የመነሻውን ነገር ያስተምረናል። ከ1973 ጀምሮ ለ19 ዓመት ያህል አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። በኦክቶበር 1992 ተመኑ 5 ብር ሆነ። ዶላር ከመቶ ስንት ወጣ? 2.93 ለ2.07 ሲካፈል ከመቶ 141.5 ገደማ። ብር ከመቶ ስንት ወረደ? ብር ያን ጊዜ 48.3 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር፤ ወደ 20 ሳንቲም ወረደ፤ ከመቶ 58.6 ገደማ። አንድ ሰው «ብር ከመቶ 141 ወረደ» ቢለን ምን እንመልሳለን? ምንም ነገር ከመቶ ከ100 በላይ ሊወርድ አይችልም፤ 100 ከወረደ አለቀ ማለት ነው። በጁላይ 29 ቀን 2024 ደግሞ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን በየመንገዱ፣ በየሻይ ቤቱ ስለ «ከመቶ» ያልተናገረ አልነበረም። «የምኑ መቶ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ እጩ መምህራን ሆይ፤ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ይህን ትምህርት ስናደርስ በሁለት ምሳሌና በአንድ የቤት ሥራ አልፈነው አንሂድ። ተማሪዎቹ ዓለምን ዞረው የሚንሸራሸሩ ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ቀን አንዷ ልጅ ከእናቷ ጋር የባንክ መስኮት ፊት ትቆማለች፤ ወይም ራሷ ባዕድ አገር ሄዳ የመጀመሪያ ደመወዟን ወደ ቤት ለመላክ ትሰለፋለች። በዚያን ጊዜ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብባ፣ በልቧ አባዝታና አካፍላ፣ «ይኼማ አያዋጣኝም» ብላ ወደሚቀጥለው መስኮት ከሄደች ትምህርቱ ደርሷል ማለት ነው።

ለክፍል የሚሆን መልመጃ

ሀ. አንዲት መርከብ በዩሮ ታስከፍላለች። አንድ አሜሪካዊ 600 ዩሮ ወጪ አለበት። አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር ሲሆንና 1 ዶላር ሲሆን ወጪው በዶላር ስንት ነው? ወጪው ከመቶ ስንት ቀነሰ?

ለ. የገንዘብ ማውጫ ማሽን በአንድ ጊዜ 6 ዶላር ያስከፍላል። ክፍያው ከመቶ 5 እንዲሆን ስንት ዶላር ማውጣት ያስፈልጋል?

ሐ. ዶላር ከ57 ብር ወደ 114 ብር ቢወጣ፣ ዶላር ከመቶ ስንት ወጣ? ብር ከመቶ ስንት ወረደ?

መልስ፦ ሀ. 720 ዶላርና 600 ዶላር፤ ከመቶ 16.7 ገደማ ቀንሷል። ለ. 120 ዶላር። ሐ. ዶላር ከመቶ 100 ወጣ፤ ብር ከመቶ 50 ወረደ።